ሌሊት ደወል ሲጮኽ ሱቁን ለማየት የሚወጣው ማን ይሁን? ለሲያትል ከተማ ፖሊስ መምሪያና ለከተማው ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሲያትል ከተማ ፖሊስ መምሪያ ዋና አዛዥ
ለሲያትል ከተማ ምክር ቤት የሕዝብ ደኅንነት ኮሚቴ
ሲያትል፣ ዋሽንግተን

ጉዳዩ፦ ለስርቆት ማንቂያ ደወል ፖሊስ እንዲወጣ ማስረጃ የሚጠይቀውን መመሪያ ይመለከታል

ክቡራን፦

እኔና ባለቤቴ በሬይነር አቬኑ ላይ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና የምንሸጥበት አነስተኛ ሱቅ ከከፈትን ዓመታት ተቆጥረዋል። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው በሁለት ምክንያት ነው። አማርኛ ከተማው ሰነዶቹን ከሚያስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ፣ ቃሌ እናንተ ዘንድ ሳይዛባ የሚደርስበት መንገድ እንዳለ አውቃለሁ። ከዚህ የሚበልጥብኝ ምክንያት ግን በሬይነር፣ በቼሪና በጃክሰን መንገዶች ላይ በየማለዳው በር የሚከፍቱ ወገኖቼ ጉዳዩን በገዛ ቋንቋቸው አንብበው እንዲረዱትና፣ ከተስማሙበትም አብረውኝ እንዲጠይቁ መፈለጌ ነው።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 አጋማሽ፣ በወቅቱ የመምሪያው ጊዜያዊ አዛዥ የነበሩት ሱ ራር የሱቅና የቤት ደወሎችን ለሚተክሉና ለሚከታተሉ የአላርም ኩባንያዎች በጻፉት ደብዳቤ፣ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ፖሊስ ለስርቆት ደወል የሚወጣው ደጋፊ ማስረጃ ሲቀርብ ብቻ እንደሚሆን አስታወቁ። በማስረጃነት የተጠቀሱትም ድምፅ፣ የካሜራ ምስል፣ ሰው የተጫነው የድረሱልኝ ቁልፍ እና በዓይኑ ያየ ሰው ምስክርነት ናቸው። መመሪያው የጀመረበት ዕለት በእኛ አቆጣጠር መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የግሸን ማርያም ክብረ በዓል ነበር። የአላርም ኩባንያው ምልክት በዚያን ቀንም እንደ ወትሮው በሱቃችን መስኮት ላይ ተለጥፎ ነበር፤ እኛ ግን ከዚያ ምልክት በስተጀርባ ያለው ውል ትርጉሙ መለወጡን አላወቅንም።

መመሪያው ያለ ምክንያት የወጣ ነው አልልም። መምሪያው ራሱ እንደገለጸው እ.ኤ.አ. በ2023 ከመኖሪያና ከንግድ ቤቶች 13,000 ያህል የስርቆት ደወል ጥሪዎች ደርሰውት፣ ወንጀል መኖሩ ተረጋግጦ ሰው የተያዘበት ወይም ሪፖርት የተጻፈበት ከ4 በመቶ በታች ሆኖ ተገኝቷል። ችግሩም የሲያትል ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ከሃያ ዓመታት በፊት ለፖሊስ ተቋማት ያሳተመው ጽሑፍ ከመቶ የስርቆት ደወሎች ውስጥ ከ94 እስከ 98 የሚሆኑት ሐሰተኛ መሆናቸውን አስፍሯል። ለአንድ ደወል ብዙውን ጊዜ ሁለት ፖሊሶች ይሄዳሉ፤ ሃያ ደቂቃ ያህልም ይፈጅባቸዋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ700 በላይ ባልደረቦች የለቀቁበት መምሪያ ነፋስ ያንኳኳውን በር ሁሉ ለማየት መሮጡን ቢያቆም ልፈርድበት አልችልም። በዚያው ሰዓት ሌላ ሰፈር የምትደበደብ ሴት፣ መንገድ ላይ የተገጨ ሽማግሌ ሊኖር እንደሚችል አስባለሁ፤ ፖሊሱ ወደ እነርሱ ቢሄድልኝ እመርጣለሁ።

ይሁን እንጂ የ13,000 አራት በመቶ ከአምስት መቶ ብዙም አያንስም። እስከዚያ የሚደርሱ ቤቶች ውስጥ ደወሉ የጮኸው በእውነት ነበር ማለት ነው። ሪፖርት ያልተጻፈባቸው ሁሉ ሐሰተኛ ነበሩ ለማለትም ያስቸግራል፤ በደወሉ ጩኸት ደንግጦ የሸሸ ሌባ የተሰበረ ነገር ካልተወ ደወሉ በከንቱ እንደ ጮኸ ይቆጠራልና። ስለዚህ ጥያቄዬ ማስረጃ ለምን ተጠየቀ የሚል አይደለም። ማስረጃውን የሚያመጣው ማን ነው የሚል ነው።

ባለፈው ጃንዋሪ ነፋስና ዝናብ በበረታበት አንድ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ላይ ስልካችን ጮኸ። የደወለችው የአላርም ኩባንያው ሠራተኛ ነበረች። ፈጥና በምትናገረው እንግሊዝኛ፣ ከሱቁ የእንቅስቃሴ ጠቋሚ ምልክት እንደ ደረሳት፣ በውላችን ውስጥ ካሜራ ስለሌለ ወደ ፖሊስ ልታስተላልፈው እንደማትችል፣ ስፍራው ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ካለ ግን መልሰን ልንደውል እንደምንችል ነገረችን። ባለቤቴ እንግሊዝኛውን ከእኔ የተሻለ ስለሚሰማ ሁለት ጊዜ አስደገማት። ከዚያም ጫማውን ማሰር ጀመረ።

የሱቅ ኪራዩን ችለን እዚህ ብንነግድም የቤት ኪራዩን ስላልቻልነው የምንኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ኬንት ነው። ባለቤቴ በዚያ ዝናብ አውራ ጎዳናውን ይዞ ሲነዳ እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ አሁን የት ደረስህ፣ መብራት ይታይሃል ወይ፣ ከመኪናው አትውረድ እያልሁ ቤት ውስጥ እንጎራደድ ነበር። እርሱም ደረሰ፣ መኪናውን ከመንገዱ ማዶ አቆመ፣ ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ ወረደ። በሩን ሲከፍት የቁልፉን ድምፅ በስልኩ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ የነበረውን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም። ለገና ገበያ ብለን ከግድግዳው ላይ የሰቀልነው የሐበሻ ቀሚስ፣ ከበላዩ ያለው ማሞቂያ ሞቅ ያለ አየር ሲተፋበት እየተወዛወዘ ጠቋሚውን አስነሥቶታል። ቀሚሱን አውርዶ፣ ደወሉን እንደገና ሞልቶ ተመለሰ። በከተማው መዝገብ ላይ ይህ ሌሊት የለም፤ ፖሊስ አልተጠራም፣ መኪና አልወጣም፣ ቅጣት አልተከፈለም። በቁጥር ለሚያየው ሰው መመሪያው የተሳካ ይመስላል። የፖሊሱን ሃያ ደቂቃ ግን ያዳነው በዚያ ጨለማ ወደማያውቀው ነገር የገባ አንድ ሰው ነው፤ ያውም ያልሠለጠነ፣ መሣሪያ የሌለውና የሁለት ልጆች አባት የሆነ ሰው።

መመሪያው በየትኛውም ቦታ ባለሱቁ ሄዶ ይይ እንደማይል አውቃለሁ። የሚቀበላቸውን ማስረጃዎች አንድ በአንድ ስንመለከታቸው ግን፣ ካሜራም የድምፅ መቅጃም ለሌለው ሱቅ ሌሊት ላይ የሚተርፈው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። የድረሱልኝ ቁልፉን የሚጫን ሰው ሱቁ ውስጥ የለም፤ ተኝቷል። ስለዚህ የሚቀረው በዓይን ያየ ምስክር ነው። ጎረቤት ሱቆችም እንደኛው ተዘግተዋል። ባለሱቁ አልጋው ላይ ሆኖ ከሚመርጣቸው ሁለት ነገሮች አንዱ እስኪነጋ መተኛትና ዕድሜውን ያፈሰሰበትን ዕቃ ለዕድል መተው ነው፤ ሁለተኛው ራሱ ምስክር ለመሆን መሄድ ነው። እኔ ከማውቃቸው ነጋዴዎች ውስጥ ተኝቶ የሚያድር አንድም የለም።

ቢሄድ ሊገጥመው የሚችለውን ሳስብ የሚያስፈራኝ ሌባው ብቻ አይደለም። ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ኮፍያውን ደፍቶ፣ የእጅ ባትሪ ይዞ፣ በተዘጋ ሱቅ መስኮት ወደ ውስጥ የሚመለከት ጥቁር ሰው በሩቅ ለሚያየው ምን ይመስላል? መንገደኛ አይቶት ወደ አስቸኳይ ጥሪ ስልኩ 911 ቢደውል ያ ደዋይ በዓይኑ ያየ ምስክር ነው፤ በመመሪያው መሠረትም ፖሊስ ይወጣል። የሚደርሰው ፖሊስ ሌባ ለመያዝ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ባለቤቴ በቀን ብርሃን እንግሊዝኛው መልካም ነው፤ በእንዲህ ያለ ድንጋጤ ውስጥ ግን እጅህን አሳይ ሲባል እጁን ወደ ኪሱ፣ ወደ ሱቁ ቁልፍ እንዳይሰድ እፈራለሁ። ይህ ደረሰብን የምለው ነገር አይደለም። እንዳይደርስ ከአሁኑ ይታሰብበት እያልሁ ነው።

እኛ ባደግንበት አገር ሌሊት አደጋ የደረሰበት ሰው ኡኡ ይላል፤ የሰማ ጎረቤትም ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ብቻውን የሚወጣ ግን የለም። ነጋዴውም ቢሆን መርካቶ ላይ ሱቁን ቆልፎ ሲሄድ በረንዳው ላይ ካቦርቱን ለብሶ የሚያድር ዘበኛ አለ፤ ደመወዙን አንዳንዴ አንድ ሱቅ፣ ብዙ ጊዜ ግን በረድፉ ያሉ ሱቆች አዋጥተው ይከፍሉታል። ሲያትል ስንመጣ ያ ሁሉ በአንዲት ነጭ ሣጥንና በወርሃዊ ክፍያ ተተካልን። ሣጥኗ ጮኸች ማለት ፖሊስ ይመጣል ማለት ነው ብሎ የሸጠልን ሰው የነገረንን አምነን ፈረምን። አሁን ፖሊሱ ከመሃል ሲወጣ፣ ዘበኛም ኡኡ ሲባል የሚደርስ ጎረቤትም በሌለበት፣ ባለቤቱ ብቻውን ቀረ።

እንዲህ ያለውን ደንብ ከእናንተ በፊት ያወጡ ከተሞች አሉ። ሶልት ሌክ ሲቲ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2000 ጀምራ ያልተረጋገጠ የስርቆት ደወል ላይ ፖሊስ መላክ አቁማለች፤ ፖሊስ ለደወል የሚወጣባቸው ጥሪዎች ቁጥርም በ90 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ይህ ውጤት በየቦታው ሲጠቀስ እሰማለሁ። አብሮ ሊጠቀስ የሚገባው ግን በዚያ ከተማ ደወሉን ሄደው የሚያጣሩት በአላርም ኩባንያዎች የሚላኩ የግል ጥበቃ ሠራተኞች መሆናቸው ነው። ሥራቸው ይኸው ነው፤ የደንብ ልብስ አላቸው፣ የተሰበረ መስታወት ሲያዩ ወደ ውስጥ ሳይገቡ ወደ ፖሊስ መደወልን ያውቃሉ። ያ ከተማ ፖሊሱን ሲያስወጣ በቦታው የተካው ሰው ነበር። ሲያትል የመመሪያውን ፊተኛ ክፍል ወስዳ ኋለኛውን ለገበያው ትታዋለች፤ ገበያውም እንደኛ ያለውን ሱቅ የሚያገለግልበት ምክንያት አላገኘም። የእኛን ውል የያዘው ኩባንያ ጥበቃ የሚልክበት አሠራር አለው ወይ ብዬ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ የካሜራ ጥቅል የዋጋ ዝርዝር ነው።

ካሜራ ግዙ የሚለው ምክር ከብዙ አቅጣጫ ቀርቦልናል። የዋጋውን ነገር ላስረዝመው አልፈልግም፤ ዕቃው አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ምስሉን ሌሊት ተቀምጦ የሚያይልህ ሰው ክፍያ ግን በየወሩ ነው፤ ከአንድ እንጀራ የሚገኘውን ትርፍ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። በእኔ ግምት የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባው ካሜራው የሚያየው ምን እንደሆነ ነው።

የእኛ ሱቅ እንጀራውን ራሱ ይጋግራል። ጋጋሪያችን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ትገባለች፤ ሊጡን ከበርሜሉ እያነሣ የሚያቀርብላት አንድ ወጣትም አብሯት አለ። ምጣዱ እስኪግል፣ አብሲቱ እስኪዋሐድ፣ የጧቱ ትእዛዝ ለምግብ ቤቶቹ ከመድረሱ በፊት ሦስት ሰዓት ያህል ይሠራሉ። በዚህ ከተማ የምትበሉት እንጀራ አብዛኛው እናንተ ተኝታችሁ ሳለ በእንዲህ ያሉ እጆች የሚጋገር ነው። ጋጋሪያችን አንድ ቀን ስትገባ ደወሉን የምታጠፋበትን የኮድ ቁጥር ብታሳስትና ደወሉ ቢነሣ፣ ካሜራውን የሚመለከተው ሌላ ክፍለ ሀገር የተቀመጠ፣ እኛን አይቶን የማያውቅ ሠራተኛ ነው። እርሱ የሚያየው በደብዛዛ ብርሃን ነጠላ የተከናነበች ሴትና ከጓዳ ከባድ ነገር ተሸክሞ የሚወጣ ወጣት ነው። ለፖሊስ የሚነግረውም ሰዎች በዓይኔ እየታዩኝ ነው፣ ስርቆት እየተፈጸመ ነው ብሎ ነው። ቀድሞ ተራ የደወል ጥሪ ተብሎ በዝግታ የሚመጣው ፖሊስ አሁን ወንጀል በመፈጸም ላይ ነው ተብሎ፣ ማስረጃ ይዞ፣ በፍጥነት ይደርሳል። ምስሉ እውነት ነው፤ የምስሉ ትርጓሜ ግን ሐሰት ነው። መመሪያው ይህንን ጥሪ ከሐሰተኛ ደወል የሚለይበት መንገድ አላየሁበትም።

ይህን የምለው ከባዶ ተነሥቼ አይደለም። አዲሱ መመሪያ ከመውጣቱ አስቀድሞ ጋጋሪያችን በእርግጥም ኮዱን አሳስታ ደወሉን አስነሥታለች። ኩባንያው ወደ ስልካችን ደወልሁ ቢልም በመዝገቡ የነበረው ቁጥር ከሁለት ዓመት በፊት የተውነው ነበር። ፖሊስ መጣ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ነገሩ ተጣርቶ በሰላም አለቀ። በሚቀጥለው ወር ደረሰኝ ላይ ግን 115 ዶላር ተጨምሮ መጣ። ከተማው የሐሰተኛ ደወል ክፍያን የሚጠይቀው ኩባንያውን እንደሆነ፣ ኩባንያው ደግሞ ወደ ደንበኛው እንደሚያሻግረው ያወቅሁት ያኔ ነው። ክፍያውን ተቀብዬዋለሁ፤ ስሕተቱ ከእኛ ቤት ነበርና። ያልተቀበልሁት ግን ከዚያ ክፍያ በኋላ ማንም መጥቶ የጋጋሪዋን ኮድ ለብቻ እንድናደርግላት፣ ከበሩ እስከ ሣጥኑ ያለውን የመግቢያ ሰከንድ እንድናስረዝምላት፣ በመዝገብ ያለውን ስልክ እንድናድስ ያልነገረን መሆኑን ነው። ይህን ሁሉ በኋላ ያስተካከለልን በቼሪ መንገድ ምግብ ቤት ያለው ወዳጃችን ነው።

ስለ ደወል የሚያውቁ ሰዎች እንደሚነግሩኝ ሐሰተኛው ጥሪ የሚመጣው በአብዛኛው ከጥቂት የታወቁ ነገሮች ነው። የበሩ ማግኔት ላልቶ ነፋስ ሲገፋው፣ ባትሪው ሲደክም፣ አዲስ ሠራተኛ ሳይለማመድ ቁልፍ ሲሰጠው፣ ጠቋሚው ማሞቂያ ፊት ለፊት ሲተከል። ጠቋሚው የሚያየው ሰው አይደለም፤ የሚንቀሳቀስ ሙቀት ነው። ምጣድ ባለበት፣ እንፋሎት በሚነሣበት፣ ቀሚስና ጥለት በሚንጠለጠልበት ሱቅ ውስጥ ጠቋሚ የሚተከልበት ቦታ እንደ ቢሮ ሊሆን አይችልም። የእኛን የተከለው ሠራተኛ ግን ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጨርሶ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አስፈርሞን ሄደ። የመመሪያውን መለወጥ የሚያስታውቀው ደብዳቤም በዚያው ቋንቋ፣ ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ተጣጥፎ መጥቶ ኖሮ፣ ከጃንዋሪው ሌሊት በኋላ ነው መሳቢያ ውስጥ ያገኘሁት። ባለማንበቤ አዝኛለሁ። ነገር ግን ለሕይወት የሚያሰጋ ለውጥ እንዲህ ሊነገር አይገባም ነበር።

ክቡራን፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቃችሁ ገንዘብ የማይፈልግ ነገር ነው። የአላርም ኩባንያዎች በከተማችሁ ለመሥራት ፈቃድ የሚያወጡት ከእናንተ ነው። በፈቃዱ ላይ አንድ ግዴታ ጨምሩበት፦ ኩባንያው ወደ ባለንብረት በደወለ ቁጥር፣ ፖሊስ እንደማይላክ ከማስታወቁ ጋር ብቻህን ወደ ስፍራው አትሂድ፣ ከሄድህም ከመኪናህ አትውረድ፣ ወደ ውስጥ አትግባ ብሎ የመናገር ግዴታ ይኑርበት። ሰዎችን ወደ ጨለማ የሚያስወጣቸው ሂዱ የሚላቸው በመኖሩ ሳይሆን አትሂዱ የሚላቸው ባለመኖሩ ነው። መስኮቱ ተሰብሮ ወይም በሩ ተከፍቶ ከመንገዱ ማዶ ማየት ብቻውን በቂ ምስክርነት መሆኑም በግልጽ ይጻፍ፤ ባለቤቴ ያን ሌሊት በሩን የከፈተው ገብቶ ካላየ ምስክርነቱ የማይቆጠር መስሎት ነው። ይህ ማስጠንቀቂያ ለአማርኛ ተናጋሪ በአማርኛ፣ ለሶማሊኛ ተናጋሪ በሶማሊኛ፣ ለቬትናምኛ ተናጋሪም በቬትናምኛ ሊነገር ይገባል። 911 የሚደውል ሰው የቋንቋውን ስም ሲናገር አስተርጓሚ በስልክ ይገባለታል፤ ወርሃዊ ክፍያ የሚቀበል ኩባንያ ከዚህ ያነሰ የሚያደርግበት ምክንያት አይታየኝም።

ካሜራ የሌላቸውን አነስተኛ ንግድ ቤቶች በተመለከተ የሎስ አንጀለስን አሠራር እንድትመረምሩት እለምናለሁ። በዚያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 ያልተረጋገጠ ደወል ሁሉ ፖሊስ አይላክበትም የሚል ውሳኔ ከተላለፈ በኋላ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ፣ መጨረሻ ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ለሁለት ሐሰተኛ ደወሎች ፖሊስ እየወጣ፣ ማረጋገጫ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ እንዲሆን ተደረገ። ዳላስ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2006 ለንግድ ቤቶች ያወጣችውን ጥብቅ ደንብ ኋላ ላይ ሽራዋለች። ሁለት ዕድል ቢሰጠን የመጀመሪያውን ስሕተት ለማረም ጊዜ እናገኛለን፤ በየወሩ ሐሰተኛ ደወል የሚያስነሣው ቤት ደግሞ ይለያል። ደወሉን ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ አንድ ስሕተት የጠበቀ ሱቅና በየሳምንቱ የሚያስጮኸው ሱቅ ዛሬ በእኩል ዓይን መታየታቸው ፍትሐዊ አይመስለኝም።

የካሜራውን ነገር በተመለከተ የምጠይቀው ጥቂት ነው፤ ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ። ሌሊት ሠራተኛ የሚገባበት ቤት ይህንኑ ከእነ ሰዓቱ የሚያስመዘግብበት ሥርዓት ይኑር። በተመዘገበው ሰዓት ካሜራው ሰው ቢያሳይ ኩባንያው ስርቆት ነው ብሎ ከማስተላለፉ በፊት የሱቁን ቁልፍ የያዙ ቢያንስ ሁለት ሰዎችን በስልክ ያግኝ፤ ሳያገኝ ቢያስተላልፍም ውስጥ ያሉት የቤቱ ሠራተኞች ሊሆኑ እንደሚችሉ ለ911 ተቀባይ አብሮ ይናገር። ወደዚያ በር የሚቀርበው ፖሊስ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰምቶ ቢመጣና ሳይሰማ ቢመጣ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

የጥበቃውን ጉዳይ እኛም ተነጋግረንበታል። በመንገዳችን ላይ ያለን ነጋዴዎች ዕቁብ የምንጥል፣ ዕድር ያለን ሰዎች ነን፤ አዋጥቶ መክፈል አዲስ ነገር አይሆንብንም። ረድፉን ሌሊት እየዞረ የሚጠብቅ፣ ደወል ሲነሣ ሄዶ አይቶ ለ911 የሚመሰክር ፈቃድ ያለው አንድ የጥበቃ ሠራተኛ በጋራ ለመቅጠር ፈቃደኛ የሆኑ ሱቆች አሉ። የሚያግደን ሁለት ነገር ነው። የአንዱ ኩባንያ ደወል ሲጮኽ ሌላ ለቀጠረው ጥበቃ አይነገርም፤ የዚያ ጥበቃ ምስክርነትም በመመሪያው ዘንድ እንደ ባለቤቱ ምስክርነት ይቆጠር አይቆጠር በጽሑፍ የሰፈረ ነገር አላገኘንም። ሁለቱም በመምሪያው አንድ ደብዳቤ ሊፈቱ የሚችሉ ናቸው። ከተማው ከሐሰተኛ ደወል ከሚሰበስበው ክፍያ ላይ ለእንዲህ ያለው የጋራ ጥበቃ የመጀመሪያ ዓመት ድጋፍ ቢያደርግ ደግሞ፣ ገንዘቡ ከተቀጣበት ጥፋት ጋር የተያያዘ ሥራ ላይ ይውላል።

ኮሚቴው ይህን መመሪያ በሚመለከትበት ስብሰባ ላይ በአስተርጓሚ ቀርበን እንድናስረዳ ቀን እንዲቆረጥልን፣ መምሪያውም ስለ በዓይን ምስክርነትና ስለ ጋራ ጥበቃ ያነሣኋቸውን ሁለት ጥያቄዎች በጽሑፍ እንዲመልስልን እጠይቃለሁ። ከእናንተ መካከል ነገሩን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ካለ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ምጣዱ ይጣዳል፤ ደወሉ የቱ ጋ እንደ ተተከለ፣ ቀሚሱ የቱ ጋ ተሰቅሎ እንደነበር አሳያለሁ። ከመምጣታችሁ በፊት ግን አስቀድማችሁ ብትደውሉልን ለጋጋሪያችን እነግራታለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
በሬይነር አቬኑ የአንድ እንጀራና ባልትና ሱቅ ባለቤት